ድንኳን የሌለው ኮሚቴ አታቋቁሙ

አዳማ ውስጥ የአንድ አምራቾች ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ የተረከብኩት አንድ ቦክስ ፋይል፣ አንድ ማኅተምና የ11 ኮሚቴዎች ስም ዝርዝር ነበር። አባል ፋብሪካዎቹ ደግሞ 23። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። የሕዝብ ግንኙነት ኮሚቴ አለ፣ የማስታወቂያ ኮሚቴ አለ፣ የመረጃ ኮሚቴም አለ። ሦስቱ በምን እንደሚለያዩ የሚነግረኝ ሰው ግን አላገኘሁም። አንድ የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት የሦስት ኮሚቴ ሰብሳቢ መሆናቸውን የሰሙት ከእኔ ነው። «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣሁት ለምሥረታው ምሳ ነው» አሉኝ።

አሁን ያሉን ኮሚቴዎች ከቁጥጥር ኮሚቴው ሌላ አራት ናቸው። አራቱም ጥሩ ይሠራሉ ብዬ አልዋሽም፣ ሦስቱ ግን ይሠራሉ። ይኼን የምጽፈው ሰሞኑን ማኅበር የሚያቋቁሙ ሰዎች እየደወሉ «እስቲ የኮሚቴ ዝርዝራችሁን ላክልን» ስለሚሉኝ ነው። ዝርዝሩን አልልክም። እኛም 11 ውስጥ የገባነው የሌላ ማኅበር ዝርዝር ገልብጠን ነው።

መጀመሪያ ሥልጣኑን ለዩ

የንግድና የዘርፍ ማኅበራትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 341/1995 ነው። አወቃቀሩ አያስቸግርም። ከላይ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ከሥሩ ቦርድ፣ ከዚያ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚያስኬድ ጽሕፈት ቤት። ኮሚቴ የሚገባው ቦርዱና ጽሕፈት ቤቱ መሃል ነው፣ ጭቅጭቁም የሚነሳው እዚያው ነው። ኮሚቴ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የሚወስን አካል ነዋ። የግዢ ኮሚቴ ይወስናል፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይወስናል፣ እሱን ለምደናል። የማኅበር ኮሚቴ ግን እንዲያ አይደለም። ያጠናል፣ ለቦርዱ ያቀርባል። ቦርዱ ይወስናል። ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤውን ጽፎ ይከታተላል። በቃ።

ይኼን ሳንለይ ያየነውን ጉድ ልንገራችሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ኮሚቴዎቻችን ለአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ደብዳቤ ጻፉ። አንደኛው «ከባድ መኪና ቀን ቀን ከተማ እንዳይገባ መከልከሉ ሥራችንን አቁሟል፣ ይነሳልን» ይላል። ሌላኛው «በፋብሪካዎቻችን በር ላይ የሚቆሙት ከባድ መኪኖች መንገድ ዘግተዋል፣ ቁጥጥሩ ይጥበቅልን» ይላል። ሁለቱም ላይ የማኅበሩ ማኅተም አለ። ኃላፊው ሁለቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ሲያሳየኝ የምገባበት ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ ማኅተሙ ከጽሕፈት ቤት አይወጣም፣ ከቦርዱ ሰብሳቢና ከሥራ አስኪያጁ ፊርማ ውጭ የሚወጣ ደብዳቤም የለም።

መተዳደሪያ ደንብ ላይ ደግሞ አንድ ስህተት አትሥሩ፦ የኮሚቴዎቹን ስም እዚያ አትዘርዝሩ። «ቦርዱ እንደ አስፈላጊነቱ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ያፈርሳል» ማለት ይበቃል። እኛ 11ዱንም በስም ዘርዝረን ስለነበር አንዱን ለማፍረስ ደንብ ማሻሻል፣ ደንብ ለማሻሻል ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት፣ ጉባኤው ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ ማሟላት ነበረበት። መጀመሪያ የጠራነው ሳይሟላ ተበተነ። የሞተ ኮሚቴ ለመቅበር አንድ ዓመት ፈጀብን።

በስም ደንብ ውስጥ መግባት ያለበት አንድ ብቻ ነው፣ የቁጥጥር ኮሚቴ። እሱ ከሌሎቹ ይለያል። የሚመርጠውም የሚጠይቀውም ጠቅላላ ጉባኤው እንጂ ቦርዱ አይደለም፣ ሥራው ቦርዱንም ጭምር ማየት ነውና። የቦርድ አባል እዚያ ውስጥ አይገባም። የቦርዱ ሰብሳቢ የእህት ልጅም ባይገባ ጥሩ ነው። (አዎ፣ ሆኗል።)

ድንኳኑ የታለ?

የሠፈራችሁን እድር አስቡ። የእድር ኮሚቴ ሥራው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይጠየቅም። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ ዕቃ ቤት ኃላፊው ቁልፍ ይዞ ይመጣል፣ ድንኳኑ ይወጣል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ድስቱና ብርጭቆው ተቆጥሮ ይሰጣል። ድንኳኑ ካልወጣ በነጋታው ኮሚቴው ጉድ ፈላበት። ሊቀመንበሩ ምን ያህል የተማረ ነው፣ ራእዩ ምንድን ነው የሚል የለም። ድንኳኑ ወጥቷል ወይስ አልወጣም፣ ጥያቄው እሱ ነው።

እኛም አዲስ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ሐሳብ ሲመጣ የምንጠይቀው ይኼንኑ ሆነ። ነገር ሲመጣ ከዕቃ ቤት የምታወጡት ምንድን ነው? በእጅ የሚያዝ ነገር መሆን አለበት። ሠንጠረዥ ሊሆን ይችላል፣ የሠልጣኞች ዝርዝር ሊሆን ይችላል፣ የተዘጋጀ ናሙና ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ድንኳን አይደለም። «ቅንጅት መፍጠር» ድንኳን አይደለም። እንዲህ ብለን ስንጠይቅ ከ11ዱ ሰባቱ ዝም አሉ።

አንዱን በደንብ ላሳያችሁ፣ የመብራቱን። ድሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ባለቤቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ያማርራሉ፣ ልዑክ ይመረጣል፣ ልዑኩ ሄዶ እዚያም ያማርራል፣ «እንነጋገርበታለን» ተብሎ ይመለሳል። አሁን የኮሚቴው ድንኳን አንድ ሠንጠረዥ ነው። በየፋብሪካው የኤሌክትሪክ ባለሙያው መብራት ሲሄድ ሰዓቱን ይጽፋል፣ ሲመጣ ሰዓቱን ይጽፋል፣ ምን እንደተበላሸ ይጽፋል። ይኼ ሦስተኛው ዓምድ ነው ወሳኙ። ፓስታ ማድረቂያ ክፍል ውስጥ እያለ ሙቀቱና እርጥበቱ ከተዛባ ይሰነጣጠቃል፣ ያ ሁሉ ምርት ለሽያጭ አይሆንም። ፕላስቲክ የሚያመርተው ጋ ደግሞ የቀለጠው ጥሬ ዕቃ ማሽኑ ውስጥ እንዳለ ይረጋል፣ መብራቱ በአምስት ደቂቃ ቢመለስ እንኳ አጽድቶና አሙቆ ለመነሳት ሰዓታት ይወስዳል። ዱቄቱ ጋ ወፍጮው በድንገት ሲቆም መስመሩ በእህል ይታፈናል፣ ሠራተኛው በእጁ ሲያራግፍ ይውላል። ባለቤቱ «ተጎዳን» የሚለውን ባለሙያው በሰዓትና በኩንታል ይነግራችኋል።

ሠንጠረዡ ሦስት ወር ሲሞላው ይዘነው ሄድን። የቴክኒክ ሰዎቹ ገና ሲያዩት አንድ ነገር አስተዋሉ። አብዛኛው መቋረጥ የሚደርሰው አንድ መስመር ላይ በተንጠለጠሉት ስድስት ፋብሪካዎች ነው። እኛ ሁላችንም እኩል የተጎዳን ይመስለን ነበር። ከዚያ ወሬው ሁሉ ተቀየረ፣ ስለ አገሪቱ ኃይል ማውራት ቀርቶ ስለዚያ መስመር ማውራት ጀመርን። መብራት አሁንም ይጠፋል፣ ከተማው እኮ አዳማ ነው። ግን የሚነጋገረው ኤሌክትሪሻን ከኤሌክትሪሻን ጋር ነው፣ በጣም ይለያል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ። የጉምሩክና የግብር ኮሚቴያችን ድንኳን ቀነ ገደቦችን የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርባችን ነው፣ የጅቡቲውም መንገድና ባቡር በአጠገባችን ያልፋል፣ ስለዚህ አንድ አባል ኮንቴይነር ላይ ችግር ሲገጥመው ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ነገር ያለፈበት ማን እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብም አላቸው። የጥራትና ደረጃ ኮሚቴው ያው የላቦራቶሪ ሰዎች ናቸው፣ አዲስ አስገዳጅ ደረጃ ሲወጣ አንብበው ለአባላት በሁለት ገጽ በሰው አማርኛ ይጽፋሉ። በዚህ አንዳንዴ ከጽሕፈት ቤቱ ይበልጣሉ።

አራተኛው የሠራተኛና ሥልጠና ኮሚቴ ነው፣ ያ ያልሠራው እሱ ነው። ጥፋቱ የኛ ይመስለኛል፣ ሁለት ድንኳን ሰጠነው። አንዱ ሥልጠና ነው፦ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚመጡ ተለማማጆችን መመደብ። ሌላው የሥራ ላይ ደህንነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የደህንነት ኃላፊ እንዲመድብና የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያዛል፣ ስለዚህ በየፋብሪካው ያሉትን እነዚህን ሰዎች በወር አንዴ ማገናኘት ቀላል መስሎን ነበር። ነገር ግን ተለማማጅ የሚመድበው የሰው ኃይል ሰው ነው፣ አደጋ የሚመዘግበው የደህንነት ኃላፊው። አንዱ ሲናገር ሌላው ስልኩን ይነካካል። በሚቀጥለው በጀት ዓመት ለሁለት እንከፍለዋለን ወይ አንዱን እንተወዋለን።

ዝርዝራችንን አትገልብጡ ያልኩት ለዚህም ነው። ከሐዋሳ የደወለልኝ ልጅ የሚሠራው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ነው። እዚያ የሚበዛው ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ነው፣ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ሲከፈትም የታሰበው ለዚሁ ነበር። ፍሳሹን አጣርቶ ውሃውን መልሶ የሚጠቀም የጋራ ማጣሪያ አላቸው፣ ለእነሱ የማጣሪያው ጉዳይ ራሱን የቻለ ኮሚቴ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ጋ ሁሉም የራሱን ፍሳሽ ራሱ ነው የሚያየው። ደግሞ አሜሪካ በ2014 ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል) ስታስወጣ ወደ አሜሪካ የሚልክ ሁሉ ባንድ ቀን ተነካ። እኛ ማኅበር ውስጥ ሳሙና፣ ዱቄት፣ ቆርቆሮና ፕላስቲክ አንድ ላይ ስላለን እንዲህ ያለ ነገር ሁላችንን ባንዴ አይመታንም፣ ስለዚህ የውጭ ገበያ ኮሚቴ የለንም። እነሱ ግን ያለ እሱ አይሆንላቸውም። መጀመሪያ አባሎቻችሁ በምን እንደሚመሳሰሉ እዩ፣ ኮሚቴው ከዚያ ይወጣል።

ማን ይቀመጥ?

እዚህ ላይ ሰው ይቀየማል፣ ግን ልናገረው። የፋብሪካ ባለቤት ኮሚቴ ውስጥ አይቀመጥ። ባለቤቱ ቦርድ ላይ ይቀመጥ፣ ክብሩም ውሳኔውም እዚያ ነው። ኮሚቴ ላይ የጥገና ኃላፊው፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ፣ የላቦራቶሪ ኃላፊዋ ይምጡ። ባለቤት ከባለቤት ጋር ሲቀመጥ ግማሹ ሰዓት ለሰላምታ፣ ሩቡ ለመሬት ዋጋ ይሄዳል። ጥገናና ጥገና ሲገናኙ ግን የሚያወሩት ስለ ቤሪንግ ነው።

ታዲያ ባለሙያው ሲላክ ባዶ እጁን አይላክ። የውክልና ደብዳቤ ይያዝ፣ ደብዳቤውም ላይ ሳይጠይቅ መስማማት የሚችለው ምን እንደሆነ ይጻፍ። ያለዚያ በየአጀንዳው «አለቃዬን ልጠይቅ» ይላል፣ ስብሰባውም ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። እኛ የመረጃ መስጠትንና እስከ ግማሽ ቀን የሚፈጅ የሰው ኃይል ማዋጣትን ለተወካዩ ፈቀድን፣ ብር የሚያስወጣ ነገር ሲመጣ ብቻ ይጠይቃል።

ብዛታቸው ከአምስት እስከ ሰባት። ከዚያ ካነሰ ሁለት ሰው ሲቀር ስብሰባ የለም፣ ከዚያ ከበዛ ሰርግ ነው። ከአንድ ዓይነት ምርት ከሁለት በላይ አይግባ። ቢያንስ አንዱ ከትንንሾቹ ይሁን፣ አንድ ትንሽ የብረታ ብረት ወርክሾፕ የሚያውቀውን ችግር ትልቁ ፋብሪካ በራሱ ጄኔሬተር ስላለፈው አያየውም። ሰብሳቢው ደግሞ ከትልቁ ፋብሪካ ባይሆን ይሻላል። ትልቁ ሲመራ ኮሚቴው የእሱ ቢሮ ቅርንጫፍ ይመስላል፣ ሌሎቹም ዝም ይላሉ፣ ወይ ይቀራሉ።

ጸሐፊውን ከአባላት አትምረጡ። ከጽሕፈት ቤት ይመደብ። አባል ጸሐፊ ሲሆን ቃለ ጉባኤው በማስታወሻ ደብተሩ እንደተጻፈ ይቀራል፣ ደብተሩ ደግሞ መኪና ውስጥ።

የአገልግሎት ዘመን ሁለት ዓመት አድርጉ፣ ግን ሁሉም ባንዴ አይውጡ። በየዓመቱ ግማሹ ይቀየር። ሁሉንም ባንዴ ስንቀይር አዲሶቹ «ይኼ ሠንጠረዥ ምንድን ነው?» ብለው ከዜሮ ጀመሩ።

ቢጋሩን በአንድ ገጽ ጨርሱ

የኮሚቴ ቢጋር (ሥራውንና ወሰኑን የሚዘረዝረው ወረቀት) ከአንድ ገጽ ከበለጠ አይነበብም። የኛን የመብራት ኮሚቴ ቢጋር ከነአጻጻፉ ላስቀምጠው፦

«ኮሚቴው ከመስከረም 1 እስከ ነሐሴ 30 ለአንድ ዓመት ይቆያል፣ ቦርዱ ካላደሰው ይፈርሳል። ሥራው፦ በአባል ፋብሪካዎች የሚደርስን የኃይል መቋረጥ በየወሩ መዝግቦ በየሦስት ወሩ ለቦርዱ ማቅረብ፣ ከሚመለከታቸው የቴክኒክ ሰዎች ጋር መነጋገር። ሥራው ያልሆነ፦ በማኅበሩ ስም መግለጫ መስጠት፣ ዕቃ መግዛት፣ ስለ ታሪፍ መደራደር። አባላት፦ አምስት የኤሌክትሪክ ወይም የጥገና ባለሙያዎች። ድንኳኑ፦ የመቋረጥ ሠንጠረዥ።»

«ሥራው ያልሆነ» የምትለዋን መስመር እንዳትዘሉ። መጀመሪያ ስንጽፍ አልነበረችም፣ ኮሚቴውም በሁለተኛ ወሩ የጄኔሬተር የጋራ ግዢ ጨረታ ለማውጣት ተነሳ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የእነሱ ሥራ ግን አልነበረም፣ ብሩም አልነበረም።

ከገንዘብ ጋር በተያያዘ፦ ኮሚቴ ጥሬ ገንዘብ አይያዝ። ለሻይ ቡናም ቢሆን። የሚያስፈልገውን ለጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፣ በደረሰኝ ይወራረድ። አበልም አትጀምሩ። አበል የተጀመረ ቀን ኮሚቴ የማይፈልግ አባል ይጠፋል፣ ስብሰባውም በወር አንዴ የነበረው በሳምንት ይሆናል። ከወንጂና ከሞጆ ለሚመጡት የትራንስፖርት እንከፍላለን፣ ሌላ የለም።

ስብሰባው

ጠዋት 3 ሰዓት። አዳማ ላይ ከምሳ በኋላ ስብሰባ መጥራት ሰውን ማሰቃየት ነው፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ተዉት። ዓርብ አይሁን፣ የጁምዓ ሰላት አለ፣ የጠዋቱም ስብሰባ ከረዘመ ሰው እየሰረቀ ይወጣል። የወሩ መጨረሻ አይሁን፣ ደመወዝና ቫት ይይዛቸዋል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ የፋይናንስ ሰዎችን አትጥሯቸው፣ የደረጃ ሀ ግብር ማሳወቂያ ነው፣ ቢመጡም ልባቸው እዚያ ነው። የግብር ኮሚቴያችን በእነዚህ ወራት አይሰበሰብም፣ በስልክ ብቻ።

ቦታው ሆቴል ባይሆን ጥሩ ነው። በየተራ በአባል ፋብሪካ እናድርግ ብለን ነበር፣ ጉብኝትም ይኖራል ብለን። ተሳስተናል። አንዱ ፓስታ አምራች የሌላውን ፓስታ አምራች ማሽን እንዲያይ የሚፈቅድ ማን አለ? አሁን በየተራ እንሄዳለን ግን ካንቲን ውስጥ ብቻ እንቀመጣለን፣ ቡና ተጠጥቶ ይወጣል። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ለሚቀር ሰው እንደ እድሩ መቀጮ ጣልን። ብዙም አልሠራም፣ ሰዎቹ ከፍለው መቅረት ጀመሩ። የሠራው ሌላ ነው፦ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የእያንዳንዱ ፋብሪካ ተወካይ ስንት ጊዜ እንደተገኘ ጮክ ብሎ ማንበብ። ስም ሲጠራና «ከስድስት አንድ» ሲባል ባለቤቱ ወደ መሬት ያያል፣ በሚቀጥለው ወር ተወካዩ ቀድሞ ይመጣል።

ቃለ ጉባኤ በሁለት ቀን ውስጥ ይላክ። ሦስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ምን ይሠራ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። «በሰፊው ውይይት ከተደረገ በኋላ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከልክለናል። ቃለ ጉባኤው አማርኛ ነው፣ ለከተማውና ለክልሉ ቢሮዎች የሚሄደው ደብዳቤ ግን በኦሮምኛ ይጻፋል፣ ስለዚህ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሁለቱንም አጣርቶ የሚጽፍ ሰው ቅጠሩ እንጂ በመጨረሻ ሰዓት አስተርጓሚ አትፈልጉ። ከአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚመጡ የውጭ ባለሀብቶች አባል ከሆኑ ደግሞ አጀንዳው አንድ ሳምንት ቀድሞ ይድረሳቸው፣ አንብበው ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ ያለዚያ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው እያንሾካሾከ ሲተረጉም ስብሰባው በሁለት ቋንቋ ይካሄዳል።

ቴሌግራም ላይ ሁለት ቦታ ይኑራችሁ። አንዱ ጽሕፈት ቤቱ ብቻ የሚለጥፍበት ቻናል፣ ቃለ ጉባኤና ሰነድ ብቻ። ሌላው ሰው የሚያወራበት ግሩፕ። አንድ ብቻ ሲሆን ቃለ ጉባኤው በ«እንኳን አደረሳችሁ» ፎቶዎች ሥር ይቀበራል።

ዋጋ ሲነሳ

ይኼን ለብቻው የጻፍኩት ስለሚያስፈራኝ ነው። ተወዳዳሪ የሆኑ አምራቾች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ስንዴ ተወዷል ሲባል፣ አንዱ «ታዲያ ሁላችንም አንድ ላይ ብንጨምርስ?» ማለቱ አይቀርም። በየዋህነት ነው የሚለው። ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተወዳዳሪዎች በዋጋ ላይ መስማማታቸውን፣ ገበያና ደንበኛ መከፋፈላቸውን፣ በጨረታ መመሳጠራቸውን ይከለክላል። ማኅበር መሆናችሁ አያድናችሁም። የባሰ ነው እንጂ፣ ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ማለት ነው።

ሰብሳቢው ወዲያው ማቆም አለበት። በጨዋነት አይደለም፣ በግልጽ፦ «ይኼ እዚህ አይነሳም።» መቆሙም ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ። ሰውየው ከቀጠለ ሌሎቹ ተነስተው ይውጡ፣ መውጣታቸውም ይጻፍ። ቡና ላይም ያው ነው፣ አዋጁ የቡና እረፍት አያውቅም። ስለ ስንዴ አቅርቦት ማውራት፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ መዘግየት ማውራት፣ ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብ ችግር የለውም። የእያንዳንዱን ፋብሪካ ዋጋ፣ የሚቀጥለውን ወር ምርት መጠን፣ የደንበኛ ስም መለዋወጥ ግን አይነካም። መረጃ መሰብሰብ ካስፈለገ ጽሕፈት ቤቱ ይሰብስብና ድምሩን ብቻ ያሳይ። የመቋረጥ ሠንጠረዣችን ላይም የተበላሸውን ምርት መጠን አባላት የሚያዩት በድምር ነው፣ በፋብሪካ አይደለም።

ቀብሩን ቀድማችሁ አስቡ

ለአንድ ጉዳይ ብቻ የምታቋቁሙት ጊዜያዊ ኮሚቴ ከሆነ የሚፈርስበትን ቀን ሲወለድ ስጡት። እኛ ለኢትዮጵያ ታምርት ኤክስፖ የምናቋቁመው ኮሚቴ ከሁለት ወር በፊት ይጀምራል፣ ኤግዚቢሽኑ ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ ደረሰኝ አወራርዶ፣ ማን ምን አዘዘ የሚል አንድ ገጽ ጽፎ ይፈርሳል። ድሮ አይፈርስም ነበር፣ ዓመቱን ሙሉ «የኤግዚቢሽን ኮሚቴ» እየተባለ ይኖር ነበር።

ቋሚዎቹን ማፍረስ ይከብዳል፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ከኮሚቴ የወጣ ሰው ተባረረ ይባላል። የሠራልን ዘዴ ይኼ ነው። ሁለት ሩብ ዓመት በተከታታይ ድንኳኑን ያላወጣ ኮሚቴ ለቦርድ ይቀርባል። ቦርዱ ካፈረሰው ሰዎቹ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት የምስጋና ደብዳቤ ይቀበላሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል፣ ደብዳቤውም ላይ «ተልዕኮውን አጠናቆ» ይላል። ውሸት ነው ትሉኝ ይሆናል። ሰባት ኮሚቴ ያለ ኩርፊያ ያፈረስነው ግን በዚች ደብዳቤ ነው፣ እኚያ የሦስት ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ጋሼም ሦስቱንም ደብዳቤ ፍሬም አስደርገው ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋቸዋል። አሁን እሳቸው በአንዱም ውስጥ የሉም፣ የጥገና ኃላፊያቸው ግን የመብራት ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው።

ባለፈው ሳምንት የብረታ ብረት ሰዎቹ መጥተው የራሳችን ኮሚቴ ይቋቋምልን አሉ። አምስት ናቸው፣ ተቆጥተዋል፣ ምክንያትም አላቸው። ቡና አዘዝኩላቸውና ያንኑ ጠየቅኳቸው። አንዱ ስለ ቆርቆሮ ጥሬ ዕቃ ማስረዳት ጀመረ፣ ሌላው አቋረጠው፣ «እሱ አይደለም የጠየቀን፣ ድንኳኑ ነው» አለው። እስከ ጥር ስብሰባ አስበው ይመጣሉ።